ጎማ ከአልጋ ሥር

ሰኔ 12

ዝናቡ ገብቷል። ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ስመለስ የልጄ የያምሮት ባል መልካሙ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ካለው ቀበሌያቸው እስከ አስፋልቱ በእግሩ ወጥቶ ነው ፍኖተ ሰላም የደረሰው። ያምሮት ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ሄዶ የሚያመጣትም የእኛ ወገን ነው። የባሏ ቤተሰቦች ራሳቸው ቢያመጧት «አባረሯት» ይባላል። እነሱ ሳይጠሩን ዘለን ብንሄድ ደግሞ «አላመኑንም» ይባል ነበር። አሁን ተጠራን።

ባለቤቴ እናኑ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብላ መስማት አትችልም። መልካሙ ንግግሩን ሳይጨርስ «በዚህ ሳምንት እንሂድ» ብላ ተነሳች። እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። ፒካፓችን ከቤተ ክርስቲያናቸው በታች ያለውን ዋልካ በዚህ ጎማ አያልፈውም። አምና ለሠርጋቸው መልስ ስንሄድ እዚያው ተሰንቅረን በበሬ ነው የወጣነው፤ ሙሽሪት ነጭ ልብሷን ሰብስባ ስትስቅብኝ ነበር።

«መጀመሪያ መኪናው ከፍ ይበል፣ ጎማውም ይቀየር» አልኩ።

«እኔ ልጄን እናምጣ አልኩህ እንጂ ጋራዥ ሂድ አልኩህ?» አለች እናኑ።

መልካሙ መሬት መሬት እያየ «እርስዎ እንዳሉ ጋሼ። እኛ እንጠብቃለን» አለ። ጨዋ ልጅ ነው።

ሰኔ 15

ቡሬ ዋልኩ። መሐመድአወል ከአባቱ ጋር ሲሠራ ጀምሮ መኪናዬን የሚያውቅ መካኒክ ነው። ከሥሯ ተኝቶ አይቷት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«መንገዱ እንዴት ያለ ነው ጋሼ?»

«ዋልካ። ሲዘንብ ሙጫ ነው።»

«ሩቅ ነው?»

«እሱ እንኳ አጭር ነው።»

«እንግዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? ሁለት ኢንች እናነሳታለን። ጎማውን ቀጠን ያለ፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ እናድርገው። ቀጭኑ ጭቃውን ቆርጦ ደረቁን ይረግጣል፤ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል። ጠዋት ያምጧት፣ ማታ ይዘዋት ይገባሉ።»

ለመሐመድአወል ሁሉም ነገር ቀላል ነው። እኔ ግን ጠየቅኩት። ከአዲስ አበባ ሙሉ የማንሻ ኪት ከነአሞርዛተሩ ቢመጣስ? አራት ኢንች ብትነሳስ? ጎማው ሰፋ ቢል መንገድ አይዝም? «ይቻላል» አለ። «ግን ለምን?» ላስብበት ብዬው መጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይወሰንም።

ስመለስ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወረቀቴን አይቶ ሲጨርስ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና «ጠንካራ ናት» አለ። አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሰኔ 18

ሁለት ኢንች፦ መሪው አይበላሽም፣ ሚዛኗ አይናጋም። ግን ዋልካው ከሁለት ኢንች በላይ ቢሆንስ?

አራት ኢንች፦ ታልፋለች። ግን መሪው ይቀላል፣ መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚታይ መብራት ደግሞ...

ሱቅ ውስጥ ገበሬ ቆሞ የበቆሎ ዘር ሲጠይቀኝ ሁለት ጊዜ አልሰማሁትም።

ሰኔ 24

ጎረቤታችን ጌታሁን ከአጥሩ ማዶ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ የአጥሩን ሽቦ እያጠበቅኩ ነበር።

«ይታገሱ መኪናውን ሊያስነሳው ነው አሉ» አለ፤ እኔን ነው።

«ለማን?»

ጌታሁን ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ለማን» ያለችው ልቤ ውስጥ ገባ። ባለፈው ወር የአንድ ነጋዴ ፒካፕ «ለአንድ ቀን» ተብላ ተወስዳ እስካሁን አልተመለሰችም። የወሰዷት እነማን እንደሆኑ እያንዳንዱ ሰው ሌላ ነገር ይናገራል፤ ባለቤቱ ራሱ አይናገርም። ከፍ ያለች፣ ጥርሳም ጎማ ያላት ፒካፕ መንገድ ላይ ስትታይ ምን ትላለች? ውሰዱኝ ነው የምትለው።

ስለዚህ አላነሳትም። ወስኛለሁ።

ሰኔ 25

ካልተነሳች ደግሞ አታልፍም። ካላለፈች ልጅቷ እንዴት ትመጣለች? በበቅሎ እንዳይባል ሆዷ ገፍቷል። እናኑ ዛሬ የገብስ ዱቄቱን አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ የያምሮትን ክፍል በአዲስ ቀለም አስቀባች። ቀለሙ ቤቱን ሁሉ ሸተተው። «ተነሥተን ብንሄድ እኮ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው።

ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። ስለ መኪናዋ ባሌስትራ እያሰብኩ ነበር።

ሐምሌ 8

ስልክ ሠራ! ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው ኔትወርክ ከቀትር በኋላ መጣና ያምሮት ደወለች። ድምፅዋ ደህና ነው። ትንሽ ደከም ያለ መሰለኝ እንጂ ደህና ነው።

«አባባ፣ ደህና ናችሁ? መንገዱን እኮ እነመልካሙ...»

መንገዱ ተበላሸ ልትለኝ እንደሆነ ገባኝ። እንዳትጨነቅ ብዬ ቶሎ ከአፏ ነጠቅኳትና ሁሉንም አስረዳኋት። ስለ ቀጭኑና ስለ ሰፊው ጎማ፣ ስለ ሁለትና ስለ አራት ኢንች፣ ጭቃው ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ጎማው እንዴት እንደሚታሰር፣ ስለዚህም ቦታ እንዲኖረው መኪናዋ መነሣት እንዳለባት፣ በመጨረሻም ኪቱን ከአዲስ አበባ እንዳዘዝኩ ነገርኳት። ጥሩ አድማጭ ናት፤ «እሺ አባባ፣ እሺ» ትላለች። «ጎማው ሲመጣ ወዲያው እንነሣለን» እያልኳት ተቆረጠ።

እናኑ ከጓሮ እጇ እንደረጠበ ስትሮጥ መጣች።

«እግሯ አብጧል? ጠየቅካት?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ራስ ምታት አላት?»

«ደህና ናት።»

«አለችህ?»

አላለችኝም። ግን ደህና ባትሆን ትነግረኝ ነበር። እናኑ ስልኩን ተቀብላ ደጋግማ ደወለች። እስኪጨልም በረንዳ ላይ ይዛው ተቀመጠች።

ሐምሌ 14

ወሰንኩ፤ ኪቱም ጎማውም ቡሬ ገብቷል። አራት ኢንች። ጎማውም ሰፊው። ካነሣኋት አይቀር ብዬ ነው። መሐመድአወል «እንደፈቀዱ» አለኝ። መካኒክ «እንደፈቀዱ» ሲል ደስ አይልም።

ከኋላ ከአይሱዙ የወጣ የባሌስትራ ቅጠል ጨመረበት፣ አዲሱን አሞርዛተር አሰረ፣ ከፊትም አነሣት። ስትወርድ ሳያት ሌላ መኪና ናት። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሞ አየ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ ማለቱ አስፈራኝ።

«ባዶዋን ትዘላለች ጋሼ» አለኝ መሐመድአወል። «ጭነት ሲኖርባት ነው የምትለሰልሰው። ልጅቷን ሲያመጡ ከኋላ ጆንያ ጣል ያድርጉ።»

እውነቱን ነው። እስከ ፍኖተ ሰላም ጥርሴ ሲጋጭ መጣ። እናኑን ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ወስጄ አሳየኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወረደች። ስትወርድም ዘላ ነው፤ እግሯ መሬት አልደርስ አላት።

«ይቺ ልጄን መንገድ ላይ ታስወልዳታለች» አለች።

ጆንያ እንደሚጫን ነገርኳት። ግን ልክ ናት፣ አሰብኩበት። ጆንያ ከጫንኩ ትከብዳለች። ከከበደች ዋልካው ውስጥ ትሰጥማለች። ካልጫንኩ ትዘላለች። ምን ያህል ጆንያ ቢሆን እንደምትለሰልስና እንደማትሰጥም መሞከር ያስፈልጋል።

ሐምሌ 17

በአምስት ጆንያ ሞከርኩ። ትዘላለች።

ሐምሌ 18

በስምንት። ደህና ነው። ግን ለዋልካው ይበዛል። ነገ በሰባት እሞክራለሁ።

ሐምሌ 19

ገብርኤል። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። በማንኩሳ በኩልም በጂጋ በኩልም መኪና የለም። ሱቆች ግማሽ በር ከፍተው ይሠራሉ።

መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። እኔ ምን ላድርግ? መንገድ የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።

ሐምሌ 22

ሁለት ሰዎች ከጌታሁን በር ላይ ቆመው ወደኛ ግቢ ሲያዩ ነበር። ላይሆንም ይችላል። ዝናቡን ተጠልለውም ይሆናል።

መኪናዋን ጓሮ አስገባሁ። በሸራ ሸፈንኳት፤ ከሸራው ላይ ገለባ ደረብኩበት። ከፍ ስላለች ግን ከአጥሩ በላይ ትታያለች። ሁለት ኢንች ብቻ ቢሆን አትታይም ነበር።

ሐምሌ 23

መላ አገኘሁ። ጎማ የሌለው መኪና ማንም አይወስድም። በክሪክ አንሥቼ አራቱንም ፈታኋቸው፤ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያንከባለልኩ መኝታ ቤት አስገባኋቸው። ሁለቱ አልጋ ሥር ገቡ። ሁለቱ አልገባ ስላሉ ከግድግዳው ጋር ተደግፈው ቆሙ።

እናኑ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አሁን ደግሞ ጎማው ከኛ ጋር ሊተኛ ነው?»

«ለጊዜው ነው።»

«ልጄ በምን ልትመጣ ነው ይታገሱ?»

መንገዱ ሲከፈት ጎማ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነ ነገርኳት። ትራሷን ይዛ ለያምሮት ወደተቀባው ክፍል ሄደች።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። እናኑ ጠዋት ኪዳን ትሄዳለች፣ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ቆሎ ቀምሳ ትውላለች። ስለ መንገድ አታነሣም። ስለ ያምሮትም አታነሣም። ይቆጣኝ የነበረው አፏ ዝም ሲል ቤቱ ጠበበኝ። የአዲስ ጎማ ሽታ ራስ ያዞራል፤ መስኮት ብከፍት ደግሞ ጎማው ከውጭ ይታያል።

ሱቅ ውስጥ የሰማሁት፦ ትናንት ሦስት አይሱዙ ከቡሬ መጥቷል። ተከፍቷል ማለት ነው? አንድ ቀን አልፎ የሚዘጋ መንገድ ተከፈተ አይባልም። ሳምንት ልየው።

ነሐሴ 10

መንገዱ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነበር። ባጃጅ እስከ ማንኩሳ ይሠራል።

ጎማውን ልግጠም ብዬ አንዱን እስከ በሩ አንከባለልኩት። ከዚያ ዘነበ። በዝናብ ክሪክ ይንሸራተታል፤ አደገኛ ነው።

እኔ ፈሪ አይደለሁም። ይህንን የጻፍኩት ማንም ፈሪ ስላለኝ አይደለም።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ራት ላይ እናኑ ወጡን አውጥታልኝ ሳትቀመጥ «ነገ እሄዳለሁ» አለች።

«ጎማውን ልግጠምና...»

«ግጠም።»

«ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።»

«እሺ» አለች። አልተቆጣችም። ደስ አለኝ፤ ተስማማን ማለት ነው ብዬ ተኛሁ።

ነሐሴ 17

የለችም። በጠዋቱ ወጥታለች። ጌታሁን ባጃጅ ውስጥ ስትገባ አይቷታል። ነጠላዋን አገልድማ፣ ዱቄትና ቅቤ ይዛ። እንዲህ ነገረኝና «አንተስ?» አለኝ።

አራቱንም ገጠምኩ። ብቻዬን። ጣቴ ተላጠ። መሸ፣ መብራቱን አስቤ አልወጣሁም። ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ።

ነሐሴ 19

ያለፈውን ቀን ቁጭ ብዬ ልጽፈው። የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ግቢ፣ መኪናዋ ካቢና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ኬላው ላይ አስቆሙኝ። አንዱ መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ጎማውን በጫማው ነካ አደረገ። የት ነው አለኝ። «ልጄ ልትወልድ ነው» አልኩ። «ሂድ» አለ። «በኋላ እናወራለን።»

ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ታጠፍኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ዋልካው ጋ ስደርስ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቼ፣ ትንፋሼን ይዤ...

ዋልካው የለም።

ወረድኩ። ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተደርድሯል። ከታች ትላልቅ፣ ከላይ ትንንሽ ተጠቅጥቆበት፣ ግራና ቀኙም የውኃ መውረጃ ተቆፍሮለታል። የደቦ ሥራ ነው፤ ትኩስም አይደለም፣ በድንጋዮቹ መሀል ሣር በቅሏል። በእግሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። ጫማዬ እንኳ አልተበላሸም። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ብትሆን፣ በአሮጌው ጎማዋ፣ ሳትንገዳገድ ታልፍ ነበር። ከመሀሉ ላይ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ቤታቸው ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ እያሰሩ ነበር። እናኑ ደጃፉ ላይ አየችኝ፤ «መጣህ?» ብቻ አለች። ያምሮትን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምጥ ይዟት ነበር። ፊቷ አብጦ ልጄ አልመስል አለችኝ። እግሯማ አይነሣ። «ጭንቅላቴ፣ አባባ» ትላለች። ዓይኗ እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ጎን ነበር የሚያየው።

ደግፈው አመጧት። መኪናዋ ግን ከፍ ብላለች። እግሯን ብታነሣ መርገጫው ደረቷ ላይ ነው ማለት ይቻላል። መልካሙ ሊያቅፋት ሲል ጮኸች። አንድ ሰው በርጩማ ሊያመጣ ሮጠ። አላስቻለኝም። ጭቃው ላይ በእጄና በጉልበቴ ተንበረከክሁ።

«በኔ ላይ ውጪ» አልኳት።

«አባባ...»

«ውጪ ልጄ!»

ጀርባዬ ላይ ረገጠች። ክብደቷ፣ የእግሯ እብጠት፣ የተሸከመችው ሕፃን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። በዚህ ክረምት ሁሉ ለልጄ የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው።

እኔ ሞተር ሳስነሣ እናኑ ከካቢናው አንገቷን አውጥታ ወንዶቹን «ከኋላ ውጡ፣ ሁላችሁም! ባዶዋን ትዘላለች!» አለቻቸው። የመሐመድአወልን ቃል ስነግራት የማትሰማ መስሎኝ ነበር። ቃሬዛ ሊሸከሙ የመጡት ሰዎች እንዳሉ ወጡ፤ ተያይዘው ተቀመጡ። እንደ ጆንያ። መኪናዋ ለሰለሰች። ድንጋዩ ላይ ስናልፍ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ቀስ፣ የኛው ሥራ ነው፣ አይከዳህም» ሲሉኝ ሰማሁ።

ኬላው ላይ ያ ሰውዬ ያምሮትን አየና መንገድ ለቀቀ። እኔንም በስሜ ጠራኝ። ስሜን አልነገርኩትም ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ራሷን ስታ፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው፣ ቀድማ መጥታ ቢሆን ኖሮ እዚህ ሳይደርስ ይያዝ ነበር አለኝ። ከደረሰች ጀምሮ የሚጠይቀኝ ሁሉ «ለምን ዘገያችሁ?» ነው። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ አባት ነኝና። መንገድ እላለሁ። ሰውም መንገድ ሲባል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ማንም አልተከራከረኝም።

ማምሻውን ሴት ልጅ ተወለደች። ትንሽ ናት፣ ግን ትጮኻለች።

ነሐሴ 22

መኪናዋን ወሰዷት። ሁለት ሆነው መጡ፣ «ለሁለት ቀን ነው» አሉ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁ። ከሰኔ ጀምሮ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር። ውኃ ከመቅዳት ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

ነሐሴ 25

ያምሮት ተነሥታ ትቀመጣለች፣ ሕፃኗን ታጠባለች፣ ትስቃለች። ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች እንጂ ሰው አትለይም። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ። እናኑ ከአልጋዋ አትለይም። ከኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ብቻ ነው።

ዛሬ እናኑ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ከያምሮት ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

«አባባ፣ መኪናዋን ሳላያት ወጣሁባት እኮ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን መሰለች?»

መወሰዷን አልነገርናትም። ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ኢንቹን፣ ቅጠሉን፣ የጎማውን ጥርስ። ከዚያ አንዱንም አላነሣሁላትም።

«መንገዱ ጥሩ ሆኗል» አልኳት። «ዋልካው ላይ ድንጋይ ደርድረውበታል።»

ፊቷ በራ።

«በስልክ ልነግርዎ የነበረው እኮ እሱን ነው! ከጴጥሮስ ወጳውሎስ ማግስት ጀምረን ነው። አባቴ ሳይቸገሩ ይምጡ ብዬ። ትላልቁን እነመልካሙ ናቸው ያመጡት። ከላይ ያሉትን ትንንሾቹን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ጎንበስ ስል ሆዴ እያስቸገረኝ። አዩዋቸው?»

እጇን ያዝኩ። ጣቶቿ አሁንም እንዳበጡ ናቸው።

«አየኋቸው» አልኳት።